መኪናው ደጅ፣ ጆንያው ጋራዥ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ መኖሪያ ቤት ፕላን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሳሎኑ፣ ማድ ቤቱ፣ መኝታው ሁሉ በወጉ ተዘርዝሯል። ጋራዡ ላይ ስትደርሱ ግን «አንድ መኪና የሚይዝ» ብላችሁ እልፍ። ብዕር ያስነሳኝ ይቺ ናት።

እኔ ደሴ ውስጥ የብረት በርና መስኮት እየበየድኩ የምኖር ሰው ነኝ። ሜትር ይዤ የሰው ግቢ እገባለሁ፣ ለክቼ እወጣለሁ። ከሰኞ ገበያ እስከ ሆጤ የማየው ያው ነው። መኪናዋ ሸራ ለብሳ ደጅ ቆማለች። ጋራዡ ውስጥ የጤፍ ጆንያ፣ ከሰል፣ እግሩ የተሰበረ አልጋ፣ የልጆች ብስክሌት፣ ለሰርግና ለሐዘን የሚወጣው ትልቁ ብረት ድስት፣ ቤቱ ሲሠራ የተረፈ ሴራሚክ ተቆልሏል። ለአረፋ ወይም ለመስቀል የተገዛው በግም አንዳንዴ እዚያው ይታሰራል።

ሰዉን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልወቅስም። አንዲት ደንበኛዬ፣ እድሜያቸው የገፋ እናት፣ ልጃቸው «እማ፣ ይሄን ጋራዥ እናጽዳውና መኪናው ይግባ» ቢላቸው፣ «መኪናውን ዝናብ ቢመታው ይታጠብልሃል፤ ጤፉን ቢመታው ምን ልትበላ ነው?» አሉት። ልጁ ዝም። እኔም ሜትሬን ጠቅልዬ ዝም። እውነታቸውን ነዋ! ቤቱ ሲነደፍ ለዚያ ጤፍ ቦታ ያሰበለት ሰው የለም። ለመኪናው ብቻ ተብሎ የታሰበ ጋራዥ መጨረሻው ይኸው ነው። መኪናው፣ ቤት ውስጥ የሚሠራው የእጅ ሥራ፣ የቤተሰቡ እቃ፣ ሦስቱም አንድ ወረቀት ላይ አብረው መሳል አለባቸው፤ ያውም ሰርቪስ ቤቱ ከመሳሉ በፊት።

እኛ ጋ ልማዱ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ዋናው ቤት ይቆማል፣ ቀጥሎ ሰርቪስ ቤቱ በአጥር ጥግ ይደረደራል፣ ከዚያ በበሩና በሰርቪሱ መሀል የተረፈችው ቦታ ላይ ቆርቆሮ ይጣልና ጋራዥ ትባላለች። ከዚያ እኔ እጠራለሁ። «ሁለት ሜትር ተኩል በር ሥራልኝ።» ለምን ሁለት ሜትር ተኩል? የተረፈው ያ ስለሆነ።

እስቲ ልኩን እናውራ። ቪትዝ ብትለኳት ርዝመቷ 4 ሜትር አይሞላም። ኮሮላ 4 ሜትር ከ60 አካባቢ ናት። ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ ግን 5 ሜትር ከ30 ገደማ ይሄዳል፣ ወርዱም ያለ ስፖኪዮ 1 ሜትር ከ85 ይጠጋል። ዛሬ ቪትዝ ያለው ሰው ነገ ምን እንደሚገዛ አይታወቅም፤ ግንቡ ግን አይለጠጥም። ስለዚህ ለመኪናው 1 ሜትር ከ85 ያዙ፣ በሹፌሩ በኩል በሩ ተከፍቶ ሰው ልጅ አቅፎ እንዲወርድ 90 ሳንቲም ጨምሩ፣ በሌላው በኩል ደግሞ 60። 3 ሜትር ከ35 መጣ። እንግዲህ ይሄ መኪናው ብቻ ነው፤ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ነገር ገና ምንም አልተቆረጠለትም። ፕላን ላይ የሚጻፈው 3 በ6 መኪና ያስገባል፣ ሰው ግን በጎኑ እየተሻሸ ነው የሚወጣው። እኔን ከጠየቃችሁኝ 3 ሜትር ተኩል በ6 ሜትር ተኩል ነው ትክክለኛው። ቦታው ከሌለ ከሰርቪሱ አንድ ክፍል ላይ ግማሽ ሜትር ስረቁ፤ ማንም አያውቅባችሁም። የበሩ ወርድ ከ2 ሜትር ከ80 አይነስ። ከፍታውም እንዲሁ፣ ፖርቶ መጋላ ላይ ፍራሽ ጭኖ ከገጠር የሚመጣ ዘመድ ስላለን፣ 2 ሜትር ተኩል ቢሆን ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ብቆይ ፍቀዱልኝ። ሁለት ተካፋች በር ርካሽ ነው፣ ይበረክታል፣ ቢበላሽም ማንም በያጅ ይጠግነዋል። ደሴ ላይ ግን መሬቱ ሜዳ አይደለም። ከመንገዱ ወደ ላይ በሚወጣ ግቢ በሩ ወደ ውስጥ ሲከፈት ታችኛው ጠርዝ መሬቱን ይነክሳል፤ ያንን ለመሸሽ ከታች አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ መስቀል ደግሞ ለጎርፍ፣ ለድመትና ለአይጥ ደጅ መክፈት ነው። ወደ ውጭ ይከፈት ቢባል የእግረኛ ፊት ላይ ነው የሚያርፈው፤ በዚህ በኩል ለማንም ሠርቼ አላውቅም፣ አልሠራምም። ተንሸራታቹ በር ጥሩ ነው፣ ግን የበሩን ያህል ባዶ ግድግዳ በጎኑ ይፈልጋል። ሐዲዱም ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃ ይሞላል፣ ጭቃው ሲደርቅ ደግሞ ጎረቤት ተጠርቶ ነው በሩ የሚገፋው። ወደ ላይ የሚጠቀለለው፣ ሱቆች ላይ የምታዩት ዓይነት፣ ለተዳፋት መሬት ይመቻል። ዋጋው ግን ወደድ ይላል፣ መጠቅለያው ከበሩ በላይ ቦታ ይበላል፣ መብራት ቢጠፋም በእጅ የሚሽከረከርበት ነገር እንዲኖረው አስቀድማችሁ ጠይቁ። የትኛውንም ብትመርጡ የሰው በር ለብቻው ይኑር። ዳቦ ሊገዛ ለሚወጣ ልጅ ሦስት ሜትር ላሜራ መክፈት ምን ይባላል? ቀለሙን በተመለከተ፣ ደሴ ጉም የማያጣት ከተማ ናት፣ ያለ ጸረ ዝገት ቀለም የቆመ ብረት ሁለት ክረምት አይዘልቅም፤ በተለይ ከታች ያለው ላሜራ የታጠፈበት ቦታ ውሃ ስለሚያቁር መጀመሪያ የሚበላው እሱ ነው። በያጃችሁ እዚያች እጥፋት ላይ ከታች ቀዳዳ ካልተወላችሁ ገንዘብ ሳትከፍሉ በፊት አስበሱት።

ውሃው ትልቁ ጉዳይ ነው። ከጦሳ ተራራ በኩል የሚወርደውን ጎርፍ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያየ ያውቀዋል። ግቢያችሁ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ከሆነ የመንገዱ ውሃ የመጀመሪያ እንግዳችሁ ነው። በሩ ደፍ ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 20 ሳንቲም ስፋት ያለው ቦይ ይቆፈር፣ በብረት ፍርግርግ ይከደን፣ ውሃውም ወደ ጎርፍ መውረጃ ይመራ፤ ወደ ጎረቤት ግንብ አይለቀቅ። ፍርግርጉ የሚነሳ ይሁን፣ ቅጠልና ፌስታል ይጠረግበታል። የወለሉ ተዳፋት ወደ በሩ በሜትር 1 ወይም 2 ሳንቲም ይበቃል። በስድስት ሜትር ከ6 እስከ 12 ሳንቲም ማለት ነው፤ ዓይን አያየውም፣ ውሃ ግን ያውቀዋል። ወለሉ ከታች በድንጋይ ንጣፍ በደንብ ይጠቅጠቅ፣ ከላይ ፌሮ ያለው 10 ሳንቲም ኮንክሪት ለቤት መኪና ይሆናል። አይሱዙ የሚያድርበት ከሆነ ወደ 15 ይጠጋ። ኮንክሪቱ እንደፈሰሰ ቢያንስ ሳምንት ውሃ ይጠጣ። ሊሾ አታስደርጉ እባካችሁ! ዘይት ጠብ ሲልበትና ጎማ ውሃ ይዞ ሲገባ እግር አይይዝም። ኮንክሪቱ ሳይደርቅ በሻካራ መጥረጊያ መጫር ብቻ በቂ ነው፣ ዋጋውም ምንም ነው።

መውጫና መውረጃውን ደግሞ አስቡት። ከመንገዱ በ90 ሳንቲም ዝቅ ላለ ጋራዥ ስድስት ሜትር ያህል መንደርደሪያ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ካጠረ መኪናዋ ስትወጣ ሆዷ ይነካል፣ ዝናብ ሲሆን ደግሞ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ቦታው በጣም ቁልቁል ከሆነ እኔ የምወደው ሌላ ዘዴ አለ። ጋራዡን ከመንገዱ እኩል አውጥቶ፣ ከሥሩ የሚተርፈውን ባዶ ቦታ እቃ ቤት ማድረግ። አርማታው ገንዘብ ይበላል፣ አልዋሽም። መኪና የሚሸከም አርማታ ደግሞ በግንበኛ ግምት አይሠራም፣ ያለ መሐንዲስ አይሞከርም። ግን አንዴ ከተሠራ ጤፉም መኪናውም ቦታ አገኙ፣ እናትና ልጅም ታረቁ። ተራራውን ቆርጣችሁ የምትገቡ ከሆነ ደግሞ ደጋፊ ግንቡ ላይ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች መተው እንዳይረሳ። የታቆረ ውሃ ግንብ ይገፋል፤ ደሴ ላይ መሬት ሲንሸራተት ያላየ ሰው የለም።

ኮምቦልቻ ላይ ነገሩ ይለያል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ከ1,800 እምብዛም የማትርቅ፣ ሞቅ ያለች ከተማ ነው የምናገኘው። እዚያ ያሉ ደንበኞቼ ችግራቸው እርጥበቱ ሳይሆን ቆርቆሮው ነው። እኩለ ቀን ላይ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ መግባት ምድጃ ውስጥ እንደመግባት ነው፤ ባትሪና ጎማ ሙቀት አይወዱም፣ እህልም ሲሞቅ ነቀዙ ይፈላበታል። ጣሪያውን ከፍ ማድረግና ከላይ በሁለቱም በኩል ንፋስ መግቢያ መተው ይረዳል። መሬቱ ጥቁር አፈር የሆነባቸው ሰፈሮች ደግሞ አሉ፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ወለሉንም አብሮ ይሰነጥቃል። አፈሩ ተቆርጦ ወጥቶ በሌላ ካልተተካ የኮንክሪቱ ውፍረት ብቻውን አያድንም።

አሁን እቃው። እቃ መሬት ላይ ከተቀመጠ የመኪናውን ቦታ ነው የሚወስደው፤ ግድግዳውና አየሩ ግን ባዶ ነው። አያቶቻችን ቆጥ ነበራቸው፣ እኛ ምን ነካን? ከመኪናው አፍንጫ በላይ ያለው ቦታ ለቆጥ የተፈጠረ ነው። በቱቦላሬ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይዘረጋል፣ ከላይ ጣውላ ይነጠፋል። ከታች ቢያንስ 2 ሜትር ይተው፤ አለበለዚያ የመኪናው ኮፈን ሲከፈት ከቆጡ ጋር ይጋጫል፣ ሰውም ግንባሩን ይመታል። ኮፈኑን ከፍታችሁ ለኩት፣ በግምት አትሂዱ። እዚያ ላይ በዓመት አንዴ ሁለቴ የሚወርደው ይውጣ፦ የሰርግ ድስቱ፣ ምንጣፉ፣ የእንግዳ ፍራሹ፣ ድንኳኑ። ድስቱ ከባድ ስለሆነ ከግድግዳው ጥግ ይሁን፣ ከመሀል አይሁን። በየሳምንቱ የሚነካው በደረት ከፍታ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።

እህል ግን ቆጥ ላይ አይወጣም፣ ይከብዳል። ለጆንያ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ ርብራብ ይሠራለታል፤ ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካዎች የሚያስወግዱት የእንጨት ፓሌት ከተገኘ አበቃ። ከግድግዳውም አንድ ክንድ ይራቅ፣ መጥረጊያም አየርም እንዲያልፍ። ከውጭ ጆንያ፣ ከውስጥ ሁለት ድርብ ላስቲክ ያለው ከረጢት ገበያ ላይ አለ፤ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ ውስጡ አየር ስለሚያልቅ ነቀዙ ያለ መድኃኒት ይሞታል። ዋናው ነገር እህሉ ከቤንዚንና ከቀለም ጋር አንድ ጥግ አይቀመጥ። የቤንዚን ሽታ ያለው እንጀራ በልቼ አውቃለሁ፣ ለጠላት አይመኙትም።

የሥራ ቦታው ትንሽ ይበቃል። 60 ሳንቲም ጥልቀት፣ አንድ ሜትር ተኩል ርዝመት። ቁመቱ ቆሞ የሚሠራው ሰው እጁን ሲያወርድ አንጓው የሚደርስበት ይሁን፣ ለብዙ ሰው ከ85 እስከ 95 ሳንቲም ይመጣል። ብረት ነክሶ የሚይዘው ሞርሳ በጠረጴዛው ጫፍ፣ እግሩ ባለበት በኩል ይታሰር፤ መሀል ላይ ከሆነ መዶሻ ሲያርፍበት ጠረጴዛው ይጨፍራል። ቦታ ከጠበበ ከግድግዳው ጋር በማጠፊያ የሚታጠፍ እሠራለሁ፣ መኪናዋ ስትገባ ይታጠፋል። መብራቱ ከሠሪው ፊት ለፊት ይሰቀል፤ ከጀርባ ከሆነ በገዛ ጥላው ላይ ነው የሚሠራው። ካቻቢቴውና ፒንሳው ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ። ብዙ ሰው «መኪና ሥር የሚገባበት ጉድጓድ አብረህ አስቆፍርልኝ» ይለኛል። እኔ አልመክርም። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፣ ልጅም ይወድቅበታል፣ በክረምት ደግሞ ኩሬ ይሆናል። ለዘይት ቅያሪ ሰፈሩ ውስጥ ሞልቷል። ቤት ውስጥ ጎማ የሚፈታም በክሪክ ብቻ ተማምኖ ሥሯ አይግባ፣ የብረት መደገፊያ ያስገባ።

አንድ የማልስቅበት ነገር አለ። ደሴ ጠዋት ይበርዳል፣ ሰዉም ሞተር ሊያሞቅ በር ሳይከፍት ያስነሳል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው ራሱን አመመኝ ብሎ ይቀመጣል፣ እዚያው ይቀራል። ከሰል አቀጣጥሎ በሩን የሚዘጋም ያው ነው፣ ገዳዩ አንድ ጋዝ ነው። ጋራዡ ከመኝታ ክፍል ጋር ግድግዳ ከተጋራ በመሀሉ ያለው በር ገጥሞ የሚዘጋ መሆን አለበት። ለንፋስ ከታችም ከላይም ቀዳዳ ይተው። ከታች የቤንዚን ትነቱ ይወጣል፣ ከላይ ደግሞ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ሃይድሮጅን፤ አንዱ ይወርዳል፣ አንዱ ይወጣል፣ ስለዚህ አንድ ቀዳዳ አይበቃም። ነዳጅ ሲጠፋ በጀሪካን ገዝቶ ማስቀመጥ ለምደናል። ቢቻል አይቀመጥ፤ ከተቀመጠም ምጣድ፣ ቡታጋዝና ከሰል ካለበት ቤት አይሁን። ስንት ጋራዥ ውስጥ ነው እንጀራ የሚጋገረው!

ሌላው የኪራይ ነገር ነው። መንገድ ዳር ያለ ጋራዥ ብዙም ሳይቆይ ሱቅ ወይም ጸጉር ቤት ይሆናል። አልፈርድም፣ ኑሮ ነው። ግን ሐሳቡ ካለ ከመጀመሪያው ተናገሩት። ወለሉ ከእግረኛ መንገዱ ጋር ይስተካከል፣ የውሃና የመብራት መስመር ይግባለት፣ ፈቃዱም በዚያው ይጠየቅ። ሱቅ የሆነ ጋራዥ ላይ በሩን አፍርሼ የሠራሁባቸው ቤቶች ለሁለት በር ከፍለዋል፣ እኔ ባልከፋም።

ለመጨረሻ ያቆየሁት ኤሌክትሪኩን ነው፣ እሱ ላይ እናንተው ብታግዙን። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እኛም ሰፈር መታየት ጀምሯል። በተራ ሶኬት 2 ኪሎ ዋት ብትስብ፣ ባትሪዋ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሆነች መኪና ከባዶ ለመሙላት 25 ሰዓት ትፈልጋለች። 7 ኪሎ ዋት የሚሰጠው የግድግዳ ቻርጀር ሌሊቱን ይጨርሳል፣ ግን 32 አምፔር ይስባል። የእንጀራ ምጣዱ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነሱ ቆጣሪው ምን ይላል? ስለዚህ አዲስ የሚሠራ ሰው፣ መኪናው ባይኖረውም፣ ግድግዳው ሳይለሰን በፊት ከቆጣሪው እስከ ጋራዡ ባዶ ቱቦ ይቅበር፤ ሽቦው በኋላ ይሳባል። ለቻርጀር መስመሩ ለብቻው፣ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ የራሱ ብሬከርና በትክክል የተቀበረ የመሬት ሽቦ ያለው መሆን አለበት ይላሉ የማምናቸው ኤሌክትሪሺያኖች። ከዚህ በላይ ያለው ግን ከእኔ ሙያ ውጭ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ጋብዛችሁ ሰፋ አድርጎ ቢጽፍልን፦ የቤት ቆጣሪያችን ምጣድና መኪና አንድ ላይ እንዲችል ምን መደረግ አለበት፣ ባለ ሦስት ፌዝ መጠየቅ የሚገባው ማን ነው፣ በር ላይ ዝናብ የሚመታው ቻርጀርስ ምን ዓይነት ሽፋን ይፈልጋል? ሽፋኑን እኔ እሠራዋለሁ፣ ልኩን ብቻ ንገሩኝ።

የብረት በር ሠሪው
ከደሴ